ለመሪጌታ የሰጠሁት ነጭ ሽንኩርት

ባለፈው ዓመት ጡረታ ስወጣ መካነ ሰላም ላይ ደግ ሽኝት ተደረገልኝ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ስሜ በትልልቅ ፊደል የተጻፈበት የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፣ ሰንጋ ባይሆንም ሁለት በግ ታረደ። ንግግር ያደረገው ኃላፊ የልጄ እኩያ ነው። "በዚህ ወረዳ የእሷ እጅ ያላረፈበት ጓሮ የለም" ሲል ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ለራስ እንደማይጨበጨብ ትዝ ያለኝ ካጨበጨብኩ በኋላ ነው። እጄን ጭኔ ላይ መልሼ ሳስቀምጥ ግን አንድ ጓሮ ትዝ አለኝ። እጄ ባያርፍበት ይሻለው የነበረ ጓሮ።

ስለዚያ ጓሮ በሽኝቱ ላይ ማንም አላነሳም። አንዳንዱ አያውቅም፣ የሚያውቀውም በሰው ደስታ ቀን አይነሳም ብሎ ተወው። እኔ ግን ጡረተኛ ነኝ፤ ጊዜ አለኝ፣ የምፈራው አለቃም የለኝም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

የግብርና ትምህርቴን ጨርሼ መጀመሪያ የተመደብኩት ከመካነ ሰላም በእግር የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ የደጋ ቀበሌ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ባለጓሮዎቹ በሕይወት አሉ። ሲሚንቶ በጫነ አይሱዙ መኪና እስከሚገባበት ድረስ ሄጄ፣ ከዚያ ሻንጣዬን በአህያ አስጭኜ ገባሁ። የቀበሌው ሰዎች ተቀብለው አስቀመጡኝና ውኃ ሰጡኝ። ጥቂት ቆይተው አንድ አዛውንት በትሕትና "ባለሙያውስ መቼ ይደርሳል?" አሉኝ። እኔ ነኝ ስላቸው አዘኑልኝ። ከሳምንት በኋላ "ልማቷ" የሚል ስም ወጣልኝ፤ እስከ ዛሬ በዚያ አገር ሌላ ስም የለኝም።

የመጀመሪያው አለቃዬ አቶ ሞገስ ይባላሉ። ሪፖርት ያልተደረገ ነገር አልበቀለም ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ። አምስት ጓሮ ጎብኝቼ ስመለስ "አምስት ብቻ?" ይሉኛል፤ ስምንት ብዬ ስጽፍ ደግሞ "እርግጠኛ ነሽ?" ብለው ከመነጽራቸው በላይ ያዩኛል። ልባቸው ግን ደግ ነበር። ጫማዬ የተቀደደ ጊዜ የራሳቸውን የፕላስቲክ ቦቲ ሰጥተውኝ፣ በሁለት ቁጥር እየበለጠኝ አንድ ክረምት ሙሉ እየጎተትኩት ዞሬበታለሁ። ደመወዝ አንዳንዴ በወሩ፣ አንዳንዴ በሌላው ወር ይመጣ ነበር፤ ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

መሪጌታ ጥበቡን ያገኘኋቸው በሰኔ ነው። የደብሩ የዜማ መምህር ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል፣ በኋላ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። ከቤታቸው ጀርባ ትንሽ ጓሮ ነበረቻቸው፤ ሙሉዋን ነጭ ሽንኩርት ይተክሉባታል። እኔ በመስመር መትከልን ላስተምራቸው ሄድኩ። ገመድ ወጠርኩ፣ ፍሬዎቹን በመስመሩ ላይ እየጣልኩ አፈር አለበስኩ፣ እየሠራሁም ንግግር አደረግኩ። የኔታ አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም። ጨርሼ ዞር ስል ከኋላዬ በርከክ ብለው፣ የቀበርኳቸውን አንድ በአንድ እያወጡ ያቀኗቸዋል። እኔ ስጥላቸው አንዱ በጎኑ፣ አንዱ በአናቱ ወድቆ ኖሯል። ምንም አልወቀሱኝም። "ገመዱ ደግ ነው" ብቻ አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ እየሄድኩ ተማርኩ። የነጭ ሽንኩርት ራስ የሚፈለቀቀው በተከላው ዕለት ጠዋት ነው፤ ከዋዜማው ከተፈለቀቀ ፍሬው ይደርቃል ይላሉ። ለዘር የሚሆነው ዳር ዳሩን ያለው ወፍራም ፍሬ ነው፣ የመሐሉ ቀጫጭን ለወጥ ይቀመጣል። ልጣጩ የተገፈፈ አይተከልም። ጥልቀቱ የአውራ ጣት አንድ አንጓ፣ ርቀቱ አንድ ጋት። አፈሩ ጥቁርና ውኃ የሚቋጥር ስለሆነ መደቡ ከፍ ተደርጎ ይሠራል፣ ግራና ቀኙን ውኃ ይወርድበታል። ፍጉ ዓመት ያደረ መሆን አለበት፤ ትኩስ ፍግ ማለት የኔታ ዘንድ ስድብ ነው። ይህን ሁሉ አንዴ ነግረውኝ "ድገሚው" ይሉኛል፣ እንደ ዜማ ተማሪ። ስሳሳት ከመጀመሪያው ያስጀምሩኛል። ኮሌጅ የተማርኩትን አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ የየኔታን ግን አሁንም በቃሌ እወጣዋለሁ።

አረም ሲነቅሉ ዜማ ያንጎራጉራሉ። ሥሩ የጠለቀ አረም ሲገጥማቸው ዜማው ካለበት ይቆማል፤ አረሙ ሲነቀል ከቆመበት ይቀጥላል። ወደ ጓሯቸው ሲገቡ ደግሞ ጫማቸውን መግቢያው ላይ ያወልቃሉ፣ እግራቸውን በቅል ውኃ ይለቃለቃሉ፣ ዶማቸውንም እንዲሁ። መጀመሪያ ሳይ ቤተ መቅደስ ነው እንዴ ብዬ ሳቅኩ። ሥርዓቱን የወረሱት ከእናታቸው ነው። እናታቸው ምክንያቱን አልነገሯቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ዘሩም የእናታቸው ነው፦ ራሱ ትንሽ፣ ልጣጩ ወይን ጠጅ፣ ሲወቀጥ ዓይን የሚያስለቅስ።

ምርቱ ሲሰበሰብ ጥላ ውስጥ ነፋስ እያገኘው ይሰነብትና፣ መጀመሪያ ዘር ይነሳል፣ ከዚያ የደጀ ሰላም ድርሻ፣ ከዚያ የጎረቤት፣ መጨረሻ የቤት። ባለቤታቸው እማማ ዘውዴ በዚህ ቅደም ተከተል ስንት ጊዜ አኩርፈዋል። "እኔ ጓዳ የሚደርሰው ገብስ የሚያክለው ነው" ይሉኛል። ይሁን እንጂ ዘሩን ቆጥረው ቆልፈው የሚያስቀምጡት ራሳቸው እማማ ዘውዴ ነበሩ፣ የኔታ እንኳ ሲፈልጉ ያስፈቅዳሉ።

ከየኔታ ጓሮ በላይ በኩል፣ ከድንጋይ ካብ ማዶ፣ የጋሽ ሰይድ ጓሮ አለ። ሁለቱ አብረው ያደጉ ናቸው። አንድ ዶማ ለሁለት ነበራቸው፤ መጀመሪያ የማን እንደነበር ሁለቱም ረስተውታል። አንዱ ሲቆፍር ሌላው ካቡን ተሻግሮ ይመጣና ያግዛል። የጋሽ ሰይድ ነጭ ሽንኩርትም ከየኔታ እናት እጅ የወጣ ነው። ለፋሲካ ጋሽ ሰይድ፣ ለዒድ የኔታ፣ እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ሌላውን ጎረቤት ሁሉ ይቀድማሉ። እኔ እነዚህን ሁለት ሰዎች እያየሁ አምስት ዓመት ሠራሁ፤ በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ የለም።

ከዚያ ወደ ወግዲ ተዛወርኩ፣ ከወግዲም ወደ ማሻ። ወግዲ ላይ ድንች አስተከልኩ፣ ባል አገባሁ፣ ልጅ ወለድኩ። ማሻ ላይ የገጠሙኝ አለቃ አንዱን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ የሚያስጽፉ ሴት ነበሩ፤ ዛሬ ይህን መጻፍ የቻልኩት በእሳቸው ቁጣ ነው። ብዙ ዓመት ቆይቼ በመጨረሻ የአትክልትና ፍራፍሬ ባለሙያ ሆኜ ወደ መካነ ሰላም ተመለስኩ። የሚሽከረከር ወንበርና ቁልፍ ያለው መሳቢያ አገኘሁ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ለየኔታ አንድ ትልቅ ነገር ላድርግላቸው የሚል ነበር። አስተምረውኛል፣ እኔ ደግሞ ሰው ሆኛለሁ። ኩራት ነበረበት፣ ፍቅርም ነበረበት፤ የቱ እንደሚበዛ ዛሬም አላውቅም።

በዚያው ሰሞን ከሩቅ አገር የመጣ ነጋዴ ነጭ ሽንኩርት ሲያራግፍ አገኘሁ። ራሱ ነጭ፣ ትልልቅ፣ የሕፃን ጡጫ የሚያክል። ለዘር ይሆናል ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ ነጋዴ ሌላ ምን ሊለኝ ነው። ዘሩ ተመርምሮ ማረጋገጫ እንዲሰጠው ማድረግ ነበረብኝ፤ ያ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል፣ ዝናቡ ደርሷል። ሁለት ጆንያ አስጫንኩ። ቢሮ አድርሼ ስለቅም ከጥቂቶቹ ታች፣ ሥሩ ከሚወጣበት ላይ፣ ከጎመን ዘር ያነሱ ጥቁር ጥቁር ነጥቦች አየሁ። አፈር ነው ብዬ በሻሼ ጠረግኳቸው።

እንዲህ ያለ ነጥብ የሽንኩርት በሽታ ምልክት መሆኑን ኮሌጅ ተምሬ ነበር። የተማርነው ከተባዛ ወረቀት ነው፤ ማባዣው ቀለም ይተፋ ስለነበር በጤነኛው ሽንኩርት ሥዕል ላይም ጥቁር ነጥብ ነበረበት። ይህን ግን ምክንያት አድርጌ አላቀርብም። ቆም ብዬ ባየው እለየው ነበር። አልቆምኩም።

አሰጣጡንም አሰብኩበት። በየቤቱ ከመዞር የማርያም ጽዋ ማኅበር በሚሰበሰብበት ቀን ብወስደው አሥራ ሁለቱንም ቤት በአንድ ቀን አገኛለሁ። የማኅበሩን አለቃ፣ ሙሴውን፣ አስፈቀድኩ። ተረኛዋ ቤት ጠላውና ዳቦው ቀረበ፣ ቄሱ ባረኩ፤ ሽንኩርቱም መሐል ላይ ስለነበር አብሮ ተባረከ። ይህን ልብ በሉልኝ። ጽዋ ላይ የተባረከ ነገር አይገላበጥም፣ አይመረጥም፣ አይመለስም። እያንዳንዱ የደረሰውን በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ይሄዳል፣ ዘር ከሆነም ይተክለዋል።

እያደልኩ የኔታ ጋ ስደርስ አንዱን ራስ አንስተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። መልሰው ሊያስቀምጡት ሲሉ አየሁና "የኔታ ካልወሰዱማ እኔ ምን ልሆን ነው" ብዬ በሰው ፊት ቀለድኩ። ሰው ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ ብለው ነጠላቸውን ዘረጉ።

ጋሽ ሰይድንም አስቤያቸው ነበር። የማኅበሩ ሰው ስላልሆኑ ለብቻቸው አደርስላቸዋለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። ሽንኩርቱ ግን እዚያው አለቀ፣ አንድ ራስ አልተረፈም። በሚቀጥለው ሳምንት አመጣለሁ አልኩና ረሳሁት።

የመጀመሪያው ዓመት ደስታ ነበር። ከዚያ አገር አፈር እንደዚያ ያለ ሽንኩርት ወጥቶ አያውቅም። ከቢሮ እንግዶች ይዤ ሄድኩ፤ ሁላችንም ቦቲያችንን እንዳደረግን ከጓሮ ወደ ጓሮ ተዘዋወርን። የየኔታ ጓሮ መግቢያ ላይ ስንደርስ እግሬን ልታጠብ ጎንበስ አልኩ፤ እንግዶቹ ግን ቀጥ ብለው ገቡ፣ እኔም ላለመቅረት ተከተልኳቸው። የኔታ ቅላቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ፎቶ ተነሳን፣ ሪፖርቱም ተጻፈ።

በሁለተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ ሆነ የሚል ወሬ ደረሰኝ። ዝናብ በዝቶ ነው አልኩ። በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ እማማ ዘውዴ ለገበያ እንደመጡ ቢሮዬ ገብተው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። የኔታ "ይህን ካወቀችው ትንገረኝ፣ ካላወቀችውም ግዴለም" ብለዋል አሉኝ። ስፈታው ሥር የሌለው ራስ ነው። ታቹ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር አብቅሏል፤ በጥጡ ውስጥ እነዚያው ጥቁር ነጥቦች። ያኔ አወቅኩት። ነጭ ብስባሽ ይባላል። ነጥቦቹ አፈር ውስጥ ገብተው ሽንኩርት እስኪተከልላቸው ይተኛሉ፤ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊጠብቁ ይችላሉ። የሚያጠፋቸው መድኃኒት በእጃችን አልነበረም። እማማ ዘውዴ ፊቴን አይተው፣

"አብሽሪ ልጄ፣ የሽንኩርት ነገር ነው" አሉኝ።

ማጽናናት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ሄድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ጓሮ ለጓሮ እየዞርኩ የተበላሸውን በደብተሬ መዘገብኩ። አሥራ ሁለት ጓሮ ሆነ። ዝርዝሩን ጨርሼ ሳነበው የጽዋው ማኅበርተኞች ስም ዝርዝር ነው። በሽታው ከቤት ወደ ቤት የሄደው እኔ በመራሁት መንገድ፣ በእነሱ ነጠላ ታስሮ ነው። የነጋዴው ጆንያና የሻሼ ጫፍ ዓይኔ ላይ መጡብኝ።

የኔታን ባዶው መደብ ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸው። በሽታው ከእኔ እንደመጣ፣ ነጥቦቹን አይቼ እንደጠረግኳቸው፣ የእናታቸው ዘር የተተከለበት መደብም ሁሉ እንደተበከለ ነገርኳቸው። በዚያ አፈር ላይ በእሳቸው ዕድሜ ነጭ ሽንኩርት እንደማይበቅልም ነገርኳቸው። ሳላለቅስ ልናገር ብዬ ነበር የመጣሁት፤ አልሆነልኝም። የኔታ ወደ መደቡ እያዩ፣

"ሸትቶኝ ነበር" አሉ።

"ምኑ?"

"ያን ዕለት፣ ጽዋው ላይ። የሻገተ ነገር ይሸት ነበር። ደግ ዘር እንዲያ አይሸትም።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም የኔታ?"

"በሰው ፊት ነበራ ልጄ። አንቺ ትልቅ ሰው ሆነሽ፣ ስጦታ ይዘሽ መጥተሽ፣ በጉባኤ ላሳፍርሽ? ቤቴ ወስጄም ልጥለው እችል ነበር። የተባረከ ነው ብዬ ተከልሁት። ጥፋቱን ለሁለት እንካፈለዋለን።"

እኔ ግን መካፈሉን አልተቀበልኩም፣ ዛሬም አልቀበልም። ይሉኝታቸውን አውቅ ነበር። አውቄው ነው በሰው ፊት የቀለድኩት።

በሚቀጥለው ወር ጽዋ ላይ ቆሜ ለሁሉም ተናገርኩ። ማንም አልጮኸብኝም፤ ቢጮኹብኝ ይቀለኝ ነበር። አንዲት ሴት ብቻ የዓቢይ ጾም ሽሮዋን በምን ልታጣፍጠው እንደሆነ ጠየቀችኝ። በመደቡ ላይ ድንች፣ ጎመን፣ ካሮት ትከሉ አልኩ። የበሰበሰውን ከፍግ ጋር አትቀላቅሉ፣ አቃጥሉት አልኩ። ዶማ አትዋዋሱ ስል ግን እርስ በርሳቸው ተያዩ። በዚያ አገር ዶማ መከልከል ጠብ ነው።

አንድ ነገር ግራ አጋብቶኝ ነበር። ከካቡ በላይ የጋሽ ሰይድ ጓሮ ለምለም ነው፤ የየኔታ እናት ዘር፣ ቅጠሉ ቀጥ ብሎ። በላይ በኩል ስለሆነ የየኔታ ጓሮ ጎርፍ አይደርሰውም፣ ይህ ይገባኛል። ግን አንድ ዶማ ለሁለት ያላቸው፣ ካቡን በቀን ሦስት ጊዜ የሚሻገሩ ሰዎች፣ እንዴት የአንዱ ጓሮ ሞቶ የሌላው ተረፈ? ልጠይቃቸው ወጣሁ። ጋሽ ሰይድ ካቡን ተደግፈው ቆመው ተቀበሉኝ፤ እንደ ወትሮው ግቢ አላሉኝም። በኋላ ግን ወጣላቸው። ለመንደሩ ሁሉ ሽንኩርት ሳድል እሳቸውን የዘለልኳቸው መሪጌታ ተዪው ብለውኝ መስሏቸው ሦስት ዓመት አኩርፈው ኖረዋል።

"ምን ብዬ ልጠይቀው?" አሉኝ። "ዶማውን መለስሁለት፣ ሌላ ገዛሁ። ከዚያ ወዲያ ካቡን አልተሻገርሁም። እሱም አልመጣ።"

የኔታ ደግሞ ወዳጃቸው ለምን እንደራቃቸው ሳያውቁ፣ መጠየቁ ከብዷቸው ዝም ብለዋል። የሁለት ሽማግሌ ኩርፊያ ነው ያን ጓሮ ያተረፈው። የረሳኋቸው እኔ እንደሆንኩ፣ የኔታ ምንም እንደማያውቁ፣ የነፈግኳቸውም ነገር መርዝ እንደነበር ነገርኳቸው። የየኔታ እናት ዘር በዓለም ላይ የቀረው እሳቸው ጓሮ ብቻ እንደሆነም ነገርኳቸው። ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

"ወላሂ፣ አላህ ነው ያስረሳሽ" አሉ።

ከዚያ አንድ እግራቸውን ካቡ ላይ አነሱ፤ ወደ የኔታ ሊወርዱ ነው። ክንዳቸውን ያዝኩ።

በሥራ ዘመኔ ከሰጠሁት ምክር ሁሉ ያ ከበደኝ። ሦስት ዓመት የተኳረፉ ወዳጆች ሊታረቁ ሲሉ፣ መሐል ገብቼ አንዱ የሌላውን ጓሮ እንዳይረግጥ ከለከልኩ። በየኔታ መደብ ላይ ያለፈ እግር ወይም ዶማ ካቡን ከተሻገረ የመጨረሻው ዘር አለቀ ማለት ነው። ጋሽ ሰይድ በመንገድ ዞረው በየኔታ ቤት የፊት በር ገቡ፤ እኔ ደጅ ቀረሁ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ሲወጡ ሁለቱም ዓይናቸው ቀልቷል። ደንቡን ግን ተቀበሉ። በዚያው ሳምንት ካቡ በአንድ ክንድ ከፍ አለ፤ የኔታ ከታች፣ ጋሽ ሰይድ ከላይ ሆነው ድንጋይ ደረደሩበት።

ከዚያ በኋላ ሌላ ዓይነት ሠራተኛ ሆንኩ። ነጭ ጨርቅ በቦርሳዬ ይዤ እዞር ጀመር፤ ያገኘሁትን የሽንኩርት ዘር ሁሉ ታቹን በጨርቁ አሸዋለሁ። ባልደረቦቼ "ጠርጣሪዋ" አሉኝ፣ አልከፋኝም። አንድ ዓመት ለብዙ ቀበሌ የሚበቃ ዘር በመኪና ተጭኖ መጣ። ዝናቡ ደርሷል፣ ሾፌሩ ቸኩሏል፣ አለቃዬም ፈርሚና ይራገፍ ይሉኛል። ጆንያ እያስፈታሁ ጨርቄን አወጣሁ። ከሦስተኛው ጆንያ ላይ ነጥቡ ጨርቁ ላይ ቀረ። አልፈርምም አልኩ። አለቃዬ ተቆጡ፣ ጨርቁን ሳሳያቸው ግን ወረቀቱን ለሾፌሩ መለሱለት።

ጋሽ ሰይድም በየዓመቱ ይተክላሉ። ምርቱ ሲነሳ የየኔታን ቅደም ተከተል አልለወጡትም፤ መጀመሪያ ዘር ይነሳል፣ ቀጥሎ የደጀ ሰላሙ ድርሻ በጋሽ ሰይድ አህያ ተጭኖ ወደ ደብሩ ይሄዳል። የደብሩ ሰዎች የሰይድ ሽንኩርት ይሉታል፣ ጋሽ ሰይድ ደግሞ የመሪጌታ ነው እያሉ ያርሟቸዋል።

ዘንድሮ በጥቅምት፣ ጡረተኛ ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አሁን ሚኒባስ እስከ ቅርብ ድረስ ይገባል። እማማ ዘውዴ ካረፉ ቆይተዋል። የየኔታ ዓይን ደክሟል፣ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው። የደረስኩበት ቀን የጋሽ ሰይድ ሽንኩርት የሚነቀልበት ቀን ሆነ። የኔታ ከጋሽ ሰይድ ጓሮ መግቢያ ውጭ፣ ሰፋ ባለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የውኃ ጀሪካንና ሳሙና አለ። ጋሽ ሰይድ የነቀሉትን በወንፊት ያመጡላቸዋል፤ የኔታ በታጠበ እጃቸው አንድ በአንድ ይዳስሱና ይህ ለዘር፣ ይህ ለወጥ ይላሉ። ለዘር የተባለው ተመልሶ ይገባል። ደንቡ ከወጣ ጀምሮ አንድም ዓመት ወደ ውስጥ አልገቡም።

ጋሽ ሰይድ ብቻቸውን ሲነቅሉ አይቼ ላግዝ ብዬ ወደ መግቢያው ሄድኩ። ቀና ብለው በመዳፋቸው አስቆሙኝ።

"ተይ ልማቷ፣ አንቺም ከውጭ ነሽ። ትናንት የማን ጓሮ እንደረገጥሽ በምን አውቃለሁ?"

ያስተማርኳቸውን ነው የነገሩኝ። ሳቄ መጣ፣ ከሳቄ ጋር እንባዬም መጣ። የኔታ ድምፁን ሰምተው ወደ ጎን ሸሸት አሉና ድንጋዩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

"እዚህ ነይ፣ ለሁለት ይበቃል" አሉ።

ተቀመጥኩ። ጋሽ ሰይድ ወንፊቱን አምጥተው እንደ ልማዳቸው የየኔታ እግር ሥር አኖሩት። የኔታ በእጃቸው ዳብሰው አገኙትና ወደ እኔ ገፉት።

"ዛሬ ዓይን ያላት ሰው መጥታለች፤ አንቺ ምረጪው" አሉ።

"እኔ እፈራለሁ የኔታ።"

"ፍሪ። ለዚህ የሚፈራ ሰው ነው የምፈልገው።"

እጄን በሳሙና ታጠብኩ። የመጀመሪያውን ራስ አነሳሁ፣ ገልብጬ ታቹን አየሁት፣ አሸተትኩት።

"ለዘር" አልኩ።

ጋሽ ሰይድ ከእጄ ተቀበሉኝና ይዘውት ወደ ውስጥ ገቡ።